ሁለት ጥላ ያለው ወንዝ

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ወንዝ አስታርቃለሁ» እላለሁ። የሚስቁ አሉ። እውነቴን ነው። አዋሽ ከተማ ያለው ቢሮ የተፋሰሱን ወንዞችና ጅረቶች የያዘ ካርታ አለው፤ ሰመራ ያለው ቢሮም የራሱ ካርታ አለው፤ ሁለቱ ስለ አንድ ውሃ ሲያወሩ ግን አይግባቡም። እኔ የተቀጠርኩት ሁለቱን ካርታ አዋህጄ ሁሉም መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበት አንድ የጋራ ካርታ እንዳወጣ ነው። ባልና ሚስት ማስታረቅ ይቀላል፤ እነሱ ቢያንስ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት።

መረጃው በኢንተርኔት አይላክም። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «መረጃ በአካል ነው የሚሰጠው» ይሉኛል። አስረካቢና ተረካቢ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ሃርድ ዲስኩ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ፣ ከዚያ በኋላ መፈራረም ነው። ስለዚህ ዲስኩን በሸሚዝ ጠቅልዬ ከጅቡቲ መኪኖች ጋር እየተጋፋሁ አዋሽ አርባን አልፋለሁ፣ ሚሌ ላይ የሆነ ነገር እቀምሳለሁ፣ ሎጊያ ስደርስ ላቤ ጀርባዬ ላይ ደርቆ ጨው ሆኗል። በሙቀቱ ወራት የሰመራ ቢሮዎች በማለዳ ይከፈታሉ፣ ቀትር ላይ ይዘጋሉ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደገና ይከፈታሉ። እኔ ምን ጊዜም የምደርሰው ሲዘጋ ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ዘበኛው «ዛሬም መጣህ?» ይለኛል፤ እኔም ዛሬም መጣሁ እለዋለሁ።

ሁለቱን ካርታ መጀመሪያ የደራረብን ቀን ወንዙ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ታየ። የአዋሹ ካርታ የተሠራው በአሮጌው የአገሪቱ ልኬት ነው፤ የሰመራው ደግሞ ባለሙያዎቹ በእጃቸው ይዘው በሚዞሩት የሳተላይት መሣሪያ። የሁለቱ ልኬት መነሻ ስለሚለያይ እያንዳንዱ ጅረት ከራሱ አጠገብ፣ በእግር ትንሽ እንደሚያስኬድ ርቀት ፈንጠር ብሎ፣ ሌላ ጅረት አበቀለ። ደንቡ አንዱን ልኬት ወደ ሌላው መቀየር ነበር። ነገር ግን የአዋሹን ካርታ ብዙ እጅ ነካክቶታል፤ የቱ ክፍል ተቀይሮ የቱ እንዳልተቀየረ የሚናገር ሰው አልተገኘም። ቀዳሚዎቹ ባለሙያዎች ተዛውረዋል፤ አንዳንዶቹም ጡረታ ወጥተዋል።

የጋራ ኮሚቴው ሰመራ ላይ ተሰበሰበ። የአዋሹን መስመሮች «ጥላ» ብለን ጠራናቸው፤ የሰመራዎቹ ደግሞ ወንዞቹ ናቸው ተባለ። ውይይቱ ሲንዛዛ ቀትር ደረሰ፤ ማቀዝቀዣው ቆመ፤ ሰዉ በያዘው ወረቀት ራሱን ማራገብ ጀመረ። አንዱ «ጥላውን አጥፍተን እንገላገል» አለ። ሁሉም ተስማማ፣ ተፈራረመ፣ ለምሳ ተበተነ። የጋራ ካርታው እንዲህ ተወለደ። ከዚያ ያነሰ ምክንያት ያለው ውሳኔም አይቻለሁ።

ካርታው መጀመሪያ የተፈለገው ለሰፈራ ነበር። በአሳይታ ዙሪያ ወንዙ ሞልቶ ቤታቸውን የወሰደባቸው ሰዎች ወደ አፋምቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ላስቲክ ወጥረው ይኖሩ ነበር። የሰፈራ ጉዳይ የያዘው መሥሪያ ቤት ከዚያው ብዙም ሳይርቅ ሜዳ መረጠላቸው፤ በጋራ ካርታው ላይ ምንም ጅረት የማያልፍበት ሜዳ። ችካል ተተከለ፣ ቦታው ለየቤተሰቡ ተደለደለ።

ከነዚህ ሰዎች መካከል ሻይ የሚያፈሉ አንዲት አሮጊት ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር ለጥጥ ለቀማ መጥተው በዚያው ቀሩ። ባለቤታቸው ደረታቸውን የታመሙ ሽማግሌ ናቸው፤ ከላስቲኩ በስተኋላ ገመድ አልጋ ላይ ጋደም ብለው ሲስሉ ይሰማል። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር እሳቸው ዘንድ ቁጭ እላለሁ። ሻያቸው ስኳር የሚበዛበት፣ ቅርንፉድ የሚሸት ነው። የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ክረምት ሳይገባ ባላቸውን ጣሪያ ስር ማስገባት።

«ላስቲኩ ቀን ይቀቅለዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ያፈሰዋል» አሉኝ። «ቆርቆሮ ይኑረን እንጂ ሌላውን አላህ ያውቃል።»

ችካላቸውንም አሳይተውኛል። ከሌላው እንዳይምታታባቸው ጫፉ ላይ ቢጫ ሻሻቸውን አስረውበታል። የሌላው ሰው ችካልም እንደዚያው ነበር፦ አንዱ የሽርጥ ቁራጭ፣ አንዱ የማዳበሪያ ጆንያ። ሜዳው ሰርግ ያለበት ይመስል ነበር።

ነገሩ የተገለጠልኝ አዋሽ ቢሮ ሆኜ ነው። የድሮውን ድርርብ ካርታ ለሌላ ጉዳይ ከፍቼ ያንን ሜዳ አየሁት። በሌላው ቦታ ሁሉ መስመሮቹ ሁለት ሁለት ናቸው፤ ወንዙና ጥላው። በዚያ ሜዳ በኩል ግን ሦስት ነበሩ፦ ከሜዳው ዳር የሚያልፈው ወንዝና ሁለት የአዋሽ መስመሮች። ለብዙ ጊዜ አፍጥጬ ተመለከትኩት። አንድ ወንዝ ሁለት ጥላ ሊኖረው አይችልም። ከሁለቱ አንዱ ጥላ ሳይሆን ሌላ የውሃ መንገድ ነበር፤ እኛም አብረን አጥፍተነዋል። የሻሹ ችካል የቆመው መሐሉ ላይ ነው።

በማግስቱ መኪና አገኘሁና ሄድኩ። ከመኪናው ወርጄ በእግሬ ስጓዝ ዓይን የሚስብ ነገር የለም፤ ሰፊ፣ ዝቅ ያለ፣ ደረቅ መሬት ነው። ዳር ዳሩን ሳይ ግን ደለል በደለል ላይ ተነባብሯል፤ አንድ ግንድም ከእሾሃማ ዛፎች መካከል ከሰው ቁመት በላይ ተሰክቶ ቀርቷል። ግንድ ብቻውን ዛፍ ላይ አይወጣም። የወንዙ የድሮ ክንድ ነበር፤ ወንዙ በጣም ሲሞላ ብቻ የሚያስታውሰው።

አሮጊቷ ከመንገዱ ሆነው ስዞር አይተውኛል። «ምን ጠፍቶህ ነው?» አሉኝ ስመለስ።

«እናቴ፣ ይሄ ሜዳ የውሃ መንገድ ነው።»

«ወላሂ ልጄ፣ እዚህ አገር አርጅቻለሁ። ውሃ ሲያልፍበት አላየሁም።»

«ሊያልፍበት ግን ይችላል።»

«ሁሉም ነገር ሊሆን ይችላል» አሉና ሻዬን ቀዱልኝ።

ሰመራ ሄጄ የሰፈራውን ኃላፊ አገኘሁት። የአካባቢው ተወላጅ፣ ለሰው የሚጨነቅ፣ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ነው። ካርታውን ዘርግቼ አሳየሁት።

«አንድ መስመር ነው» አለኝ። «አንድ መስመር ስንት ሰው ይበላል?»

«ሰፈሩን በሙሉ።»

ጢሙን እያሻሸ መስመሩን በጣቱ ተከተለው። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ደወለና በአፋርኛ ተነጋገረ። «አስቁሜዋለሁ» አለኝ። «መሬት ጠራጊው ማሽን ነገ አይገባም። አሁን መስመሩን መልሱልኝ፤ የተስተካከለ ካርታ ከሌለኝ ሌላ ቦታ መምረጥ አልችልም።»

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሞኝ ነበርኩ። ማስቆም በስልክ ይቻላል፤ ማስጀመር ግን በአካል ነው።

የሰመራው ውሃ ቢሮ «መስመሩን ያጠፋው ኮሚቴ ነው፤ የሚመልሰውም ኮሚቴ ነው» አለ። የአዋሹ ቢሮ ደግሞ ተቆጣ፦ «እኛ ሙሉውን አስረክበናል፤ የእኛን ጥላ ነው ብላችሁ ያጠፋችሁ እናንተ። አሁን ልክ ከሆንን በጽሑፍ እመኑልን።» ሰመራ በጽሑፍ አላምንም አለ። እኔ በመካከል ዲስኬን ይዤ እመላለሳለሁ። አንዱ ቢሮ ሲመቸው ሌላው ስልጠና ላይ ነው፤ ሌላው ሲመለስ ይኼኛው መስክ ወጥቷል። በዚህ መሐል የአዋሹ ኃላፊ ተነሣና አዲስ መጣ። ወንበሩ ላይ እንኳ በደንብ ሳይደላደል «እስቲ ከመጀመሪያው አስረዳኝ» አለኝ። አስረዳሁት። ስለ ጥላው ስደርስ ወደ መስኮቱ ማየት ጀመረ። ስጨርስ «ግዴለም፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ። ያን ቀን እውነቱን ለመናገር ዲስኩን ከከተማው ዳር ወዳለው የወንዙ ገደል ብወረውረው ደስ ባለኝ ነበር። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ሁሉም ሰው መስመሩ መመለስ እንዳለበት ያምን ነበር። የሚያደክመው እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢኖር ተጣልቼው ይወጣልኝ ነበር።

ወደ አፋምቦ መንገድ ስመለስ አሮጊቷ ወሬውን ሰምተዋል።

«ያስቆምከው አንተ ነህ አሉ።»

«አዎ እናቴ።»

ሻይ ቀዱልኝ፤ ስኳሩን ግን ረሱት፣ ወይም ተዉት። ከኋላ ሽማግሌው ሲስሉ ይሰማል። እኔ ስለ ደለሉ፣ ስለ ግንዱ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ስለሚባለው ነገር ማብራራት ጀመርኩ። እሳቸው አላስጨረሱኝም።

«ሳይቃጠል ትለኛለህ» አሉ። «እኔ እኮ ተቃጥያለሁ። የሚመጣውን ውሃ ፈርተህ ያለውን ፀሐይ ተውክብኝ።»

ትክክል መሆኔን አውቃለሁ፤ በዚያ መጠን ደግሞ ማፈሬን አልደብቅም። ከላስቲኩ ስር ያለውን ሙቀት እኔ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ያህል እንኳ አልቻልኩትም ነበር። መኪናው ውስጥ ገብቼ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ሾፌሩ ምን ሆንክ አለኝ፤ ደክሞኛል አልኩት።

ክረምቱ ገባ። አዋሽ ከተማ ሳለሁ ወደ ገደሉ አፋፍ ወጥቼ ወንዙን አየሁት፤ ቡና መስሎ፣ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ይወርዳል። ከደጋ የመጣ ውሃ ደብዳቤ አይጠብቅም ብዬ አሰብኩ። ሌሎቹ ገባር ወንዞችም ከወሎ በኩል እየሞሉ ነው ተባለ። ከቀናት በኋላ የሰፈራው ኃላፊ ደወለልኝ።

«ጥላህ ውሃ ይዟል» አለኝ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። አልዋሽም። ከዚያ በኋላ በደስታዬ ተናደድኩ።

ውሃው ጎደል ሲል ሄድኩ። ሜዳው ጭቃ ብቻ ነው፤ ከችካሎቹ የቆመ የለም። ከሻሹም፣ ከሽርጡም፣ ከጆንያውም ያየሁት ነገር የለም። የመንገዱ ዳር ግን ከፍ ያለ ስለሆነ ላስቲኮቹ እንዳሉ ናቸው። አሮጊቷ ማንቆርቆሪያቸውን ከሰል ላይ አስቀምጠው ያራግባሉ። ሲያዩኝ ሳይነሡ መቀመጫ ገፋ አደረጉልኝ።

«ልክ ነበርክ» አሉኝ። «ችካሌን ከነሻሹ ወሰደው። ቤት ብሠራ ኖሮ ውስጡ ነበርኩ፤ አልሐምዱሊላህ።»

ሻዩን ቀዱ። ስኳሩን እንደ ድሮው ሞሉት። የሽማግሌው ሳል አለመሰማቱን ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ፈራሁ።

«አባባስ?» አልኳቸው።

«ወደ ወሎ ላክሁት፣ ወንድሙ ዘንድ። ዝናቡን እዚህ አይችለውም። በወጣትነታችን አብረን መጣን፤ ብቻውን ሸኘሁት።» ከሰሉን በጉጠት ነካካ አደረጉት። «ቤቱ ሲሰጠን ይመለሳል ኢንሻአላህ።»

ማራገባቸውን ቀጠሉ።

«አዲሱ ቦታስ የት ደረሰ?» አሉኝ።

«ካርታው ተስተካክሏል» አልኩ። «አዋሽ ነው ያለው። አንድ ፊርማ ይቀረዋል።»

ወደ ጭቃው ሜዳ አዩ። «ይሄ ውሃም ከዚያው በኩል ነው የመጣው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ካርታውን እንዴት ቀደመው?»

ለመሣለቅ አልነበረም፤ የምር ነው የጠየቁኝ፤ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ አውቃለሁ ብለው። ሻዬን ጠጥቼ ተነሣሁ፤ መኪናው ወደ አዋሽ ሊመለስ ነበር።