የክትባት ኮሚቴያችን ሰብሳቢ

የሰፈራችን የሕፃናት ክትባት ኮሚቴ የሚሰበሰበው ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ባለ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። እኔ ከጤና ጣቢያው የተወከልኩ ክትባት ሰጪ ነርስ ነኝ። ከእኔ በቀር ተሰብሳቢው በሙሉ ጎልማሳና ሽማግሌ ወንድ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ለምን አያስከትቡም እያሉ ሲወያዩ ይውላሉ፤ አንዲት እናት ጠርቶ መጠየቅ ግን ማንም አላሰበውም።

ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ባቡሩ ሲቆም ጡሩምባው እሳቸው ጋ የቀረ ይመስላል። በየስብሰባው ተነስተው "የግንዛቤ ችግር ነው" ይላሉ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ ወደ ሻይ እንሄዳለን።

አንድ ቀን ቤት ለቤት እንድንቀሰቅስ ተወሰነ። ለአርአያነት ከሰብሳቢው ቤት እንጀምር ተባለ፤ ፎቶ አንሺም ተጠራ። እሳቸው የእኔ ቤት የተሟላ ነው፣ ጊዜ አናባክን ብለው ትንሽ አንገራገሩ። ትሕትና መስሎን ይበልጥ ወተወትናቸው።

በሩን የከፈተችልን የልጃቸው ሚስት ናት። ሶማሊኛ ተናጋሪ ናት፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ድክ ድክ ማለት የጀመረ ወንድ ልጅ ታቅፋለች። የትኞቹን ክትባቶች እንደወሰደ ጠየቅኳት። አማቷን ቀና ብላ አየቻቸው።

"ከመጀመሪያው በኋላ አልተከተበም" አለች። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም ስለማይታወቅ ወደ እሳቸው ዞራ፣ "አንተ አይደለህ እንዴ፣ ትኩሳት ያመጣበታል፣ ተይው ያልከኝ?"

"ያኔ እኮ ሙቀት ነበር" አሉ ሰብሳቢው።

"ድሬ መቼ ነው ሙቀት የሌለው?"

ከኮሚቴው አንዱ ጣሪያውን ይመረምር ጀመር። እኔ ሳቄን ዋጥኩ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን የማፈሩ ተራ የእኛ የጤና ጣቢያው ሰዎች ሆነ። ተደብቃ ልታስከትበው ሞክራ እንደነበር ነገረችን። ጠዋት ሱቅ ላይ ናት፤ ከሰዓት ስትመጣ የክትባት ክፍሉ ዝግ ነው። ግንዛቤዋ ሙሉ ነበር፤ የጎደለው በር የሚከፍትላት ሰው ነው።

ለፎቶው ብለን የያዝነው የክትባት ሳጥን መጨረሻ ላይ ለቁም ነገር ዋለ። ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ራሳቸው ያዙት። መርፌውን ሳዘጋጅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሰውነቱ እንደ እሳት ሲፈጅ አይቼ ፈራሁ እኮ" አሉኝ። ከመርፌው በኋላ ማተኮስ የተለመደ እንደሆነ፣ ቶሎም እንደሚያልፍ ነገርኳቸው። ስብሰባ ላይ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም። ልጁ አለቀሰ፤ ወዲያው ጡት ይዞ ዝም አለ። የቀሩትን ለመጨረስ እናቲቱን ቀጠርኳት።

ከዚያ ወዲህ እሷና ሌላ አንዲት እናት ኮሚቴው ውስጥ ገቡ። ገና ወንበራቸው ሳይሞቅ ክትባቱ ከአስር ሰዓት በኋላም ይሰጥ አሉ፤ ጤና ጣቢያው አጉረምርሞ ተቀበለ። የሰብሳቢው ምራት ለሱቅ ጎረቤቶቿ በሶማሊኛም በኦሮምኛም አወራችላቸው፤ አመሻሽ ላይ እናቶች በባጃጅ ተጭነው መምጣት ጀመሩ።

ሰብሳቢውም ቤት ለቤት መዞሩን ወደዱት። ሙቀትን ፈርቶ የልጅ ልጁን ሳያስከትብ ስለቀረ አንድ ሞኝ አያት ያወራሉ፤ የማውቀው ሰው ነው ይላሉ። ሰፈሩ በሙሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። እናቶቹ ግን አገጫቸውን ይዘው፣ "እንዲህ ያለ ሰውም አለ?" ይሏቸዋል፤ እሳቸውም አዝነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።