እንደ ሁለት ሴት የተቆጠርሁ ቀን

ባለፈው እሁድ ንፋስ መውጫ ላይ የጎረቤታችን የዘይነባ ልጅ ኒካህ ሊታሰር ሲል አንድ ምስክር ጎደለ። ሁለት ወንድ ያስፈልጋል። አንዱ እኔ ነኝ፤ ሌላው የሙሽራው አጎት ከደብረ ታቦር ሲመጣ መኪና ተበላሽቶበት መንገድ ላይ ቀረ። ቤቱ በሴት ጢም ብሏል። አሮጊቱ፣ ኮረዳው፣ አራሷ ሳትቀር ገብታ ግድግዳው ወደ ውጭ ሊነፋ ምንም አልቀረው። ሼኁ ግን በበሩ በኩል አንገታቸውን አስግገው ወንድ ይፈልጋሉ። በመጨረሻ ሙሽሪትን አይቶ የማያውቅ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ ሙስሊም መሆኑ ብቻ ተጠይቆ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ተጎትቶ ገባ።

ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣ “አባባ፣ ይኼ ሁሉ ሴት አይቆጠርም እንዴ?” አለችኝ።

“ይቆጠራል እንጂ፤ ለሩዙ” አልኋት።

አልሳቀችም። እኔም ሳቄን ተውሁት። የቆምንባት ክፍል ራሷ በዚሁ ቆጠራ የተነሣ ከዘይነባ እጅ ልትወጣ ትንሽ ቀርቷት ነበርና።

ያኔ ሃያን ያለፍሁ ጎረምሳ ነበርሁ። ገበያ ላይ ጨው እቸረችራለሁ፤ ከጨዉ ይልቅ ግን ወሬዬ ገዢ ነበረው። የከተማችን ንፋስ አንዲት አህያ ከነጭነቷ አንሥቶ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ላይ አወረዳት ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ አህያ የጠፋበት ሰው ደርሶ ቀለሟን ጠይቆኛል። የሚያምነኝ አልነበረም፤ የማይሰማኝም አልነበረም።

የዘይነባ አባት ሐጂ ይማም፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ሲሞቱ ሁለት ልጅ ተዉ፤ እሷንና ታላቅ ወንድሟን ሰይድን። ቤታቸው ከኋላ መኖሪያው፣ ከፊት ደግሞ ወደ ገበያው መንገድ የምትከፈት አንዲት ክፍል ነበረው። ዘይነባ ባሏ ፈቷት ከተመለሰች ወዲህ የስፌት መኪናዋን በዚያች ክፍል ተክላ፣ ያችን የእሁዷን ሙሽራ በጀርባዋ አዝላ እየሰፋች ትኖራለች።

ሰይድ ክፉ ሰው አልነበረም። “ለወንድ ሁለት እጅ፣ ለሴት አንድ እጅ ነው፤ ሕጉን እኔ አላወጣሁት” ይላል፤ እውነቱን ነው። ድርሻው ሲሰላ የፊቷን ክፍል ለራሱ አድርጎ ለእሷ ጓዳውን ሊሰጣት አሰበ። ጓዳ ተቀምጦ ለማን ይሰፋል? ለአይጥ?

አባቷ ግን በሕይወት ሳሉ፣ ሳይታመሙ፣ አንድ ረመዳን ክፍሏን በስጦታ ሰጥተዋት ነበር። የተሰጠ ነገር ከውርስ አይገባም፤ ማስረዳት ግን ያሻል። ያን ዕለት ማታ ጾም ሲፈታ አብረው ያፈጠሩት እትዬ ሐዋና እትዬ ፋጡማ ነበሩ፤ ደግሞም ምግብ ሲቀርብ ከየትም ብቅ የምለው እኔ። እትዬ ሐዋ ከተማው ሁሉ አደራውን የሚያስቀምጥባቸው ሴት ናቸው። እትዬ ፋጡማ ደግሞ ዋዛ የሚባል ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሁለቱ ተደምረው አንድ ወንድ ያህላሉ ተባለ። ሌላ አንድ ወንድ ይጨመር።

“ምነው ከእሱ ሌላ ወንድ በነበረ!” አለች ዘይነባ፣ እኔው ፊት።

“የለም ልጄ” አሉ እትዬ ሐዋ። “እኔና ፋጡማ አንድ፣ ይኼ ቀልማዳ ብቻውን አንድ። ምን ይደረግ?”

ጥቅምት ነበር፤ መንገዱ እሸት እሸት ይሸታል። ቃዲው በመስጊዱ ጎን ባለች ክፍል ያስችላሉ። ቀጭን፣ ቁጡ የማይመስሉ ሽማግሌ ናቸው። አስቀድመው ወንድምና እህቱን፣ “በሸሪዓ ለመዳኘት ፈቃዳችሁ ነው?” አሏቸው። ሰይድ አዎ አለ። ዘይነባ ወደ በሩ አየች። ከቁልቁለቱ በታች ያለው የመንግሥት ፍርድ ቤት ወንድና ሴት እኩል እንደሚያካፍል ታውቃለች። አልፈቅድም ብትል ነገሩ ወደዚያ ይሄዳል። ከኋላዋ ግን አጎቶቿ ተደርድረው ማጅራቷን ያያሉ።

“አባቴ ላይ የቀብር ሶላት ከተሰገደበት ቦታ ፊቴን አዙሬ ወዴት እሄዳለሁ” አለች ቀስ ብላ። “ፈቃዴ ነው።”

እትዬ ሐዋ መሰከሩ፤ ቃላቸው እንደ ምስማር ነበር። እትዬ ፋጡማም ያንኑ አሉ። ቃዲው፣ ሴት ሁለት የምትሆነው አንዷ ስትረሳ ሌላዋ እንድታስታውሳት መሆኑን ገለጹ። የረሳች ግን አልነበረችም። ተራው የእኔ ሆነ።

“ያን ዕለት” አልሁ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ “የጋይንት ሰው ሁሉ በሐጂ ይማም ቤት ተሰብስቦ . . .”

“ሁሉ?” አሉ ቃዲው።

“ሺህ ቢሆን ነው።”

“እንግዲያ ከሺው መካከል ሌላ ወንድ ጥሩልን። አንተ ተቀመጥ።”

ሰይድ ቀና አለ። የዘይነባ ፊት አመድ ሆነ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬዬ ራሴን አስፈራኝ።

“ሺህ አልነበርንም” አልሁ። “ከሐጂና ከዘይነባ ሌላ እኔና እነዚህ ሁለት እናቶች ብቻ ነበርን።”

“ምን አየህ?”

“ሳምቡሳ። ቃሪያ የበዛበት የገብስ ሾርባ። ተምር . . .”

“ሾርባውን ተወው። ሐጂ ይማም ‘ተቀመጪባት’ ነው ያሏት፣ ወይስ ‘ያንቺ ናት’?”

ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነበር። “ተቀመጪባት” ከሆነ ክፍሏ ውርስ ውስጥ ትገባለች። በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ደግሞ ከሾርባው በቀር ምንም የለም። ሰው ሁሉ አፌን ያያል።

“አንተ” አሉ እትዬ ሐዋ ከጥግ፣ “ሾርባው የፈሰሰብህ ለምን ነበር?”

“ምስክሩን እያስታወሱት ነው!” አለ ሰይድ።

ቃዲው ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። “ወንድ ልጅም ይረሳል” አሉ። “ይቀጥል።”

ሾርባው የፈሰሰብኝ በቁልፉ ነዋ። ሐጂ ይማም ከእኔ ማዶ ለተቀመጠችው ዘይነባ ቁልፉን በላዬ ሲያሳልፉ ክንዳቸው ሳህኔን መታው። “‘ክፍሏ ያንቺ ናት፤ በርሽን ራስሽ ቆልፊ’ አሏት” አልሁ። “እኔም ጭኔ እየተቃጠለ ‘ለእኔስ፣ ሐጂ?’ ብላቸው፣ ‘ላንተማ ሾርባውን’ አሉኝ።”

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ሰይድ ነበር። ከዚያ ሳቁ ተበላሸበትና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። “እሱ ነው” አለ። “አባቴ ነው። ቃሉ ነው።”

ክፍሏ ለዘይነባ ተፈረደች። ከኋላው ቤት ላይ ግን ለሰይድ ሁለት እጅ፣ ለእሷ አንድ እጅ ሆነ። ስንወጣ ሰዉ እኔን ይመርቃል፣ ወንድ ይውጣልህ ይለኛል። ዘይነባ በር ላይ ቆም አለች።

“አንተ ያን ዕለት ሳይርብህ ቀርቶ ቢሆን” አለችኝ፣ “አባቴ አልሰጡኝም ነበር ማለት ነው?”

ቁልፏን ከመቀነቷ አውጥታ በሯን ልትከፍት ሄደች።

እሁድ ዕለት ያ ሁሉ መጣብኝ። ዲኔን፣ ሃይማኖቴን፣ እወዳለሁ፤ በቃዲው ክፍል ውስጥ ግን ከሁሉ ያነሰ የታመነው ሰው ከሁሉ የበለጠ እንደተቆጠረ በዓይኔ አይቻለሁ። የማወራው ማጋነን ሁሉ ቢደመር እንደዚያች አንዲት እውነት የሚገርም አይወጣውም።

ባለባጃጁ ፈረመና ወደ ሞተሩ ሮጠ። ሼኁ ወደ እኔ ዞሩ። “የሙሽሪትን ፈቃድ ሰምተሃል?”

ጥግ ላይ ፍራሽ ተነጥፎላቸው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ እትዬ ሐዋ ተቀምጠዋል። ቤቱ ሁሉ እየጠበቀ ወደ እሳቸው ዞርሁ።

“እትዬ፣ ሰምቻለሁ?”

“ሰምተሃል” አሉኝ። “ደግሞ እንዳትጨምርበት።”