ዘጠኝ በርጩማ ጭነን ወልቂጤ

ከቸሃ የወጣነው መስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ስምንተኛን ያለፉ ዘጠኝ የመንደራችን ልጆች ወልቂጤ ሁለተኛ ደረጃ ሊገቡ ሄደው «ክፍሉ ሞልቷል» ተብለው ተመለሱ። በእኛ ቤት እንግዳ ሲበዛ በርጩማ ይጨመራል እንጂ በር አይዘጋም። ስለዚህ ዋንዛ ቆርጠን ለእያንዳንዱ ልጅ በርጩማ ጠረብንና መንደርተኛው እኔን «ልጆቹን ይዘህ ሂድ» አለኝ።

ከዘጠኙ አንዷ የልጅ ልጄ ዘነበች ናት። ካልገባች ለመስቀል ሽማግሌ የሚልክባት ቤት አለ፤ አባቷም እሺ ሊል ነው። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው።

መንገድ ላይ

በርጩማዎቹን የጭነት መኪና ላይ፣ ለገበያ ከተጫነው የቆጮ እስር መሀል አሰርናቸው።

«አባባ፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አለ ሾፌሩ።

«ትምህርት ነው ልጄ።»

«እሱም ይደገሳል?» ብሎ ሳቀ። ዘነበች አልሳቀችም።

ጭቃው ሁለት ጊዜ አስወርዶ አስገፋን። የዋቤ ወንዝ ሞልቶ፣ ቀልቶ ይጮሃል። ድልድዩ ላይ ዘነበች እጄን ያዘችኝ።

«አባባ፣ እንደገና ቢመልሱንስ?»

«አይመልሱም» አልኳት። ልቤ ግን እንደ አፌ አልነበረም። ልጆቹ የያዝነውን ቆጮ በጎመን ሲበሉ እኔ የበርጩማዎቹን እስር አጠበቅኩ።

ወልቂጤ

ዳይሬክተሩ ከሰሜን የመጣ፣ ትሑት ወጣት ነው። በርጩማዎቹን አንድ በአንድ አየ።

«አባቴ፣ ሥራችሁ ያምራል። መምህሩ ግን አንድ ነው። ይግቡና ከኋላ ቁጭ ብለው ይዩት።»

ገባሁ። ባንድ አግዳሚ አምስት ስድስት ሆነው ተጣብበዋል፤ መስኮቱ ላይም የተቀመጠ አለ። የመምህሩ ድምፅ ከሳልና ከሹክሹክታ ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። እኔ ፊደል ብዙ አልዘለቅኩም፤ አጠገቤ ያለችውን ተማሪ ሰሌዳው ምን እንደሚል ጠየቅኋት።

«ለእኔም አይታየኝም አባባ። ኋላ ከፊተኞቹ እገለብጣለሁ።»

ስወጣ ዳይሬክተሩ ደጃፉ ላይ ነበር። «ዘጠኙን ብጨምር እነዚህን እጎዳለሁ፤ ብመልስ እነዚያን። የመንግሥት ነፃ ትምህርት ነው፣ ሂዱ ማለት ያሳፍረኛል። እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አለኝ።

ስንት የድንበር ጠብ ዳኝቻለሁ፤ የዚህን ያህል የከበደኝ የለም። ዘነበች ግቢው ውስጥ በርጩማዋን አቅፋ ታየኛለች። መስቀል ታወሰኝ።

«ልጆቹ ይግቡ ጌታዬ» አልኩ።

መዘገባቸው። ዘነበች ስትገባ አንዱ ተማሪ «ደግሞ መጡ፤ ተጠጉ እንግዲህ» ሲል ሰማሁ። ቦታ ያገኘችው ከኋላው ግድግዳ ሥር ነው። ሌሎቹን ዘመድ ዘመዳቸው ጋ፣ እሷን ከተማው ካለች አክስቷ ቤት አስቀምጬ ተመለስኩ።

ቤት

በማግስቱ ቀትር ላይ መንደር ስደርስ ሰው መስኩ ላይ ይጠብቀኛል።

«ገቡ?»

«ገቡ።»

እልል ተባለ። የዘነበች አባት ጉልበቴን ሳመ። ያየሁትን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ፊታቸውን አይቼ ዘጋሁት። በር ማስከፈት የመንገዱ እኩሌታ ብቻ መሆኑን የተማርኩት በዚህ ጉዞ ነው። ለአንድ ሰው እንኳ ግን አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ቀን ከወንዝ ማዶ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ አየሁ። ወሬያችን የደረሳቸው ጎረቤቶቻችን ለልጆቻቸው በርጩማ የሚሆን ዋንዛ ይቆርጣሉ።