ፊውዙ ኪሳቸው ውስጥ ነበር

አጎቴ ሓወልቲ ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳውን ፓምፕ ይጠግኑ ነበር። እኔ ልጆቼ ሶኬት እንዳይነኩ ስጮህ የምውል ፈሪ ነኝ። ሞተር ለጥገና በፈቱ ቁጥር እየደወልኩ "መብራቱን አጥፍተዋል?" እላቸው ነበር።

"ኣጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ፣ ፊውዙ ኪሴ ውስጥ ነው" ይሉኝና ይስቁብኛል። ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳያበራው ሁልጊዜ ነቅለው ይይዙታል።

ሐሙስ ዕለትም የሚጮኸውን ሞተር ፈተው፣ ይህንኑ ነግረውኝ፣ ለምሳ ቤት መጡ። እጃቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ፤ በዚያው ቀሩ። እስካሁን አላምንም። እኔ የፈራሁት ኤሌክትሪኩን ነበር።

ከቀብር በኋላ ከሆቴሉ ደወሉ። ይጮህ የነበረውን የሞተሩን ኩሽኔታ ሌላ ባለሙያ ቀይሮታል፤ ፊውዙ ግን የለም። ከኮታቸው ኪስ አውጥቼ ወሰድኩላቸው። ሞተሩ ያለ ጩኸት ተነሳ።

ደስ ብሎኝ ለአጎቴ ልደውል ስልኬን አወጣሁ።