እፀገነት መርከብ የሚሠራ ፕሮግራም ስትፈልግ

ካርቱም፣ ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ጦብ ገዝታ የማታውቅ ሴት እንኳ እፀገነትን ታውቃታለች። ጦብ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠሙት ረጅም ጨርቅ ነው፤ እፀገነት እሱን ስትቸበችብ ሃያ ዓመት አልፏታል። ሱቋን የሚፈልግ ሰው አድራሻ አይጠይቅም፤ ድምጿን ተከትሎ ይደርሳል። በዋጋ ተከራክሮ የሚረታት ሰው ደግሞ ገና አልተወለደም።

ታዲያ ይቺ የሃምሳ ዓመት ሴት፣ በከዋክብት መሃል የሚበር መርከብ ካልሠራሁ ሞቼ እገኛለሁ ብላ አገር ይያዝልኝ አለች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

ሰበቡ ሚኪያስ ነው። ሚኪያስ ፕሪንተር ጠጋኝ ነው፤ ከሱቋ ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። አንድ ዓርብ መጣና፣ «እትዬ፣ ካህረባ ሲጠፋ በባትሪ የሚዞር ማራገቢያ ያለው የእርስዎ ሱቅ ብቻ ነው። ዓርብ ዓርብ ከጓደኞቼ ጋር እዚህ ብንጫወትስ?» አላት። ካህረባ ማለት ካርቱም ውስጥ ኤሌክትሪክ ነው፤ መምጣቱ ሳይሆን መጥፋቱ ነው የሚታወቀው። እሷም ጨዋታ ሲል ካርታ መስሏት ፈቀደች።

ካርታ አልነበረም። ሚኪያስ ዳኛ ሆኖ ዓለሙን በአፉ ይተርካል፤ ተጫዋቾቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው፣ እዚህ ሄድኩ፣ እንዲህ አልኩ ይላሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ ይወስናል። ታሪኩ ከኮከብ ወደ ኮከብ ዕቃ ጭነው ስለሚነግዱ ሰዎች ነው። «ወይ የኔ ጉድ! ጎልማሳ ሰው ተሰብስቦ ይቀባጥራል?» አለች እፀገነት። ጥግ ይዛ ስታዳምጥ ቆየች። ተጫዋቾቹ አንድ የኬላ ሹም አላሳልፍ ብሏቸው ሲጨነቁ ባየች ጊዜ ግን አላስችል አላት።

«እንዴ! መጀመሪያ ሰላም በሉት እንጂ! የልጆቹን ጤና ጠይቁት!»

«እስቲ እርስዎ ይጠይቁልን» አላት ሚኪያስ።

ጠየቀች፣ ዳይሱን ወረወረች፣ የኬላው በር ተከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን ከዚያ ወንበር የሚያስነሳ አልተገኘም።

ሌሎቹ ተጫዋቾች ሁለት ናቸው። አንዷ ሐምዲያ ናት፤ የወሎ ልጅ ናት፣ በአንድ ባለጸጋ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ዓርብ ዕረፍቷ ስለሆነ ከጁምዓ በኋላ ትመጣለች። ዝምተኛ ናት፤ ተራዋ ሲደርስ «እናንተ እንዳላችሁ» ትልና ፈገግ ትላለች። ሁለተኛው ሂሻም ነው፤ አባቱ ሱዳናዊ፣ እናቱ የጎጃም ሰው ናት፣ እሱ መንገዱ ጥግ ላይ የስልክ ካርድ ይሸጣል። አማርኛው ያነክሳል፤ አንቱታ የሚባል ነገር ከነመኖሩም አያውቅም። በጨዋታው ውስጥ ግን መርከብ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ካፒቴኑ እሱ ነው፤ ሁሉም የሚሳፈረው በሱ ላይ ነው።

ችግሩም ከዚህ ጀመረ። ሂሻም የሥራ ድርሻ ሲያከፋፍል ወደ እፀገነት ዞረና፣ «ኻልቲ፣ አንቺ ወጥ ቤት!» አላት። ኻልቲ አክስቴ ማለት ነው፤ በፍቅር ነው ያላት፣ ክፋት የለውም። እሷ ግን ደሟ ፈላ።

«ሳምንቱን ሙሉ ምድር ላይ ከድስት ጋር ስታገል ከርሜ፣ ሰማይም ላይ ድስት? አንተ ልጅ፣ ምድር አልበቃ ብሎህ ነው?»

«ኻልቲ፣ መርከብ የኔ ነው። ካፒቴን እኔ ነው።»

«እንግዲያው እኔም መርከብ አመጣለሁ! ቆይ ብቻ!»

ሚኪያስ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሕጉን ነገራት። የሚመጣው ዓርብ ተጓዦቹ ከወደብ ይነሣሉ። እስከዚያ ድረስ ሂሳቡ የተስተካከለ መርከብ ያመጣ ሰው ካፒቴን ይሆናል። ከወደቡ ከወጡ በኋላ ግን ለወራት መርከብ የሚሠራበት ቦታ የለም፤ ያላመጣ በሂሻም መርከብ፣ በሂሻም ትእዛዝ ይሄዳል። ቀጥሎም በጨዋታው የሕግ መጽሐፍ ውስጥ መርከብ የሚሠራበትን ምዕራፍ ገልጦ አሳያት። አጥንቱ ይህን ያህል፣ ሞተሩ ያን ያህል፣ ከሞተሩ የተረፈው ለነዳጅ፣ ከነዳጁ የተረፈው ለመኝታ፤ ቁጥር በቁጥር ላይ ተደራርቧል።

«ይኼንን ሰው ነው የሚያሰላው?» አለች።

«ሰው አይደለም እትዬ፣ ፕሮግራም ነው። ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፤ ፈልጎ ማግኘት ግን የእርስዎ ፈንታ ነው።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እፀገነትን ኢንተርኔት አስገባት። በዚያው ማታ በስልኳ «መርከብ መሥሪያ» ብላ በአረብኛም፣ በአማርኛም፣ በምትችላት በእንግሊዝኛም ጻፈች። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ ጨዋ ሰው መለሰላት። ፎቶ ሁሉ ላከላት። እሷም ልማድ ነውና ዋጋ መከራከር ጀመረች። ሰውዬው ከጠራው ዋጋ ሲሶውን አስቀንሳ፣ ልትስማማ ትንሽ ሲቀራት፣ ሚኪያስ ስልኩን አይቶ ግንባሩን ያዘ። ሰውዬው ቀይ ባሕር ላይ እውነተኛ የዓሣ ጀልባ ነበር የሚሸጠው።

«ታዲያ ዋጋው ጥሩ ነበር» አለች እፀገነት፣ ቅር እያላት።

በማግስቱ ትክክለኛውን ድረ ገጽ አገኘች። ከፈተችው፤ «ይህ አገልግሎት እርስዎ ባሉበት አገር አይሰጥም» አላት። ደግማ ከፈተች፤ ያንኑ አላት።

«ምን አደረግኳቸው? እኔን መቼ አዩኝና ነው?»

«እርስዎን አይደለም፣ ሱዳንን ነው» አላት ሚኪያስ። የድሮው ማዕቀብ ርዝራዥ ነው ብሎ አስረዳትና፣ ያሉበትን አገር የሚደብቅ ነገር ስልኳ ላይ ጫነላት። «በቃ፣ አሁን ሆላንድ ነዎት።»

የዚያን ቀን ደንበኞቿ ፍዳቸውን አዩ። ዋጋ ቀንሽ ሲሏት፣ «ኸላስ፣ በቃ! እኔ ሆላንድ ነው ያለሁት፣ እዚህ የለሁም!» እያለች በሳቅ ትፈርሳለች። ድረ ገጹም ተከፈተላት። ወይ ማማሩ! ጥቁር ሰማይ ላይ አንዲት መርከብ ቀስ ብላ ትዞራለች፤ ክንፍ ስትነካ ክንፍ፣ ሞተር ስትነካ ሞተር ይበቅልላታል። እፀገነት እጇን አፏ ላይ ጭና አየቻት። መርከቧም ስትዞር፣ ስልኩም ሲግል፣ ስትዞር፣ ሲግል፣ በመጨረሻ ስልኩ ድርግም አለ። ሲነሣ መርከቧ የለችም። ለካ ለትልቅ ኮምፒውተር እንጂ ለእንደሷ ስልክ የተሠራ አልነበረም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወዋል። እሷ ግን በነጋታው ሱቋን ዘግታ፣ ሐፍላ የሚሉትን አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ድልድዩን ተሻግራ ኦምዱርማን ወረደች። እንዲህ ያለ ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ሲመካከሩ፣ አንድ የቆየ ፕሮግራም በጣም ሲያመሰግኑ አንብባ ነበር፤ በአሮጌ ኮምፒውተር እንጂ በአዲስ አይሠራም ተብሏል። አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ ዛኪር ዘንድ አለ። ዛኪር ሱቁን በአሮጌ ዕቃ ሞልቶ መሃሉ ላይ የሚቀመጥ የወሎ ሰው ነው፤ የጦብ ደንበኛዋ የነበረች የአንዲት ሴት ባል ነው።

ፕሮግራሙን አውርዶ ከፈተው። ፕሮግራሙ ቋንቋ ጠየቀ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ ከዚያ ጠፋ። ደግሞ ከፈተው፤ ሰላምታ ሰጥቶ ጠፋ።

«ጨዋ ነው፣ ሰላም ሳይል አይሞትም» አለች እፀገነት።

«ለመሆኑ ይኼ ለምንድን ነው?» አለ ዛኪር።

ነገረችው። ስለ ሂሻምም፣ ስለ ወጥ ቤቱም፣ ስለ ዓርቡም ነገረችው። ዛኪር ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ሳቀ፤ ውሃ ጠጣ፤ ሲጨርስ ግን ልቡ ተነክቶ ነበር መሰል፣ ወንበሩን ስቦ ራሱ መፈለግ ጀመረ። ክፈሉ የሚለውን አለፈ፣ አገራችሁ አይፈቀድም የሚለውን አለፈ። በመጨረሻ የት አገር እንዳለ የማይታወቅ አንድ ሰው ለራሱ ሠርቶ ለሰው ሁሉ በነጻ የለቀቀው ሠንጠረዥ አገኘ። ምንም ጌጥ የለውም፤ ተራ የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። ቁጥር ትሞላለህ፤ ሂሳቡ ካልገጠመ ከታች ያለው ሳጥን ይቀላል፣ ከገጠመ አረንጓዴ ሆኖ ይለመልማል። ዛኪር ስልኳ ላይ ጫነላት። ስልኩም አልጋለም።

እፀገነት እዚያው ሱቅ ውስጥ እልል አለች። መንገደኛው ሙሽራ መጣች ብሎ ቆመ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ የማላውቅህ ሰውዬ፣ ወልደህ ሳም!» አለችው ሠንጠረዡን ለሠራው ሰው፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ።

አሁን የቀረው መሙላት ነው። እዚህ ላይ የካርቱም ነዋሪነቷ ጉድ ሠራት። መጽሐፉ ለአንድ ጉዞ የሚበቃ ነዳጅ ያዙ ይላል። እሷ የአራት ጉዞ ያዘች።

«እትዬ፣ ሰማይ ላይ እኮ የነዳጅ ሰልፍ የለም!» አለ ሚኪያስ።

«አንተ ሄደህ አይተሃል?»

ውሃ ደግሞ አለ። ዓባይ አፍንጫዋ ሥር እየፈሰሰ ቧንቧዋ ስንቴ እንደደረቀ የምታውቅ ሴት ናት፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ለሷ ነው። ሦስት ሮቶ ጨመረች። ካህረባ ቢጠፋ ብላ ጄነሬተር፣ ጄነሬተሩ ቢበላሽ ብላ ሌላ ጄነሬተር አከለች። ለጸሎቷ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ለሐምዲያም መስገጃ አደረገች። ሐምዲያ በስልክ ሰምታ፣ «ግን እትዬ፣ እዚያ ላይ ስሰግድ ፊቴን የማዞርበት ቂብላው በየት በኩል ይሆን?» ብላ ስትጠይቃት ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። ሳጥኑ ግን እንደ በርበሬ ቀልቶ ቀረ።

ለጥንቃቄ ያስገባችውን መድፍ አወጣችው፤ ቀይ ነው። ሁለተኛውን መድፍ አወጣች፤ ቀይ። መዝናኛ አዳራሹን፣ ቀይ። ከነዳጁ ጠብታ አልቀነሰችም፤ ከሮቶውም እንዲሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ፊቷ ቆማ ጦብ እየመረጠች፣ የካፒቴኑን ሰፊ መኝታ ቤት ሰርዛ አንዲት ተራ አልጋ ብቻ ስታስቀር ሳጥኑ ለመለመ። እፀገነት ዘላ ደንበኛዋን አቀፈቻት፤ ሴትዮዋም ለምን እንደታቀፈች ሳይገባት በቅናሽ ገዝታ ሄደች።

ዓርብ ሁሉም ተሰበሰቡ። ፉሉ ቀረበ፤ ለጾሙም፣ ለሁሉም የሚስማማ እሱ ነው። ማንም ግን አልነካውም። ሚኪያስ የእፀገነትን ስልክ ይዞ እያንዳንዱን ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር ያመሳክራል። እፀገነት አንገቷን አስግጋ አብራው ታያለች። ጦብ በጅምላ ገዝታ ከፖርት ሱዳን መኪናው ሲዘገይ እንኳ እንዲህ አልጨነቃትም። ሂሻም ጣቱን ያንቋቋል።

«ልክ ነው» አለ ሚኪያስ በመጨረሻ። «መድፍ የላትም፣ ቀርፋፋ ናት፣ ነዳጇ ግን ለጉድ ነው። ሂሳቡ ልክ ነው። ካፒቴን እፀገነት!»

እልልታው ጎረቤት አስወጣ። ሂሻም ራሱን ይዞ፣ «ዋላሂ፣ ይቺ ሴት!» እያለ ይስቃል። እፀገነት ያለ የሌለ ክብሯን ሰብስባ፣ ከጠረጴዛው ራስ ካለው ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሐምዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድማ ተናገረች።

«እትዬ፣ እኔ በእርስዎ መርከብ ነው የምሄደው።»

«እሰይ የኔ ልጅ! ያላ፣ ነይ ተሳፈሪ! ወጥ ቤቱ ያንቺ ነው!»

ሐምዲያ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ግን ቶሎ ጠፋ።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ እኮ ስድስት ቀን የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ነው የመጣሁት። ዛሬ ዓርብ ነው።»

እፀገነት ፊቷ ጋለ። ሳምንቱን ሙሉ ለራሷ የጮኸችለትን ነገር፣ ካፒቴን በሆነች በደቂቃ ለሌላዋ ሰጠችው። አፈረች፤ በሕይወቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

«ሐምዲያ፣ አንቺ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» አለች። ጨዋታው ከተጀመረ ጀምሮ ይህን የጠየቃት ሰው እንዳልነበር ያኔ ትዝ አላት።

ሐምዲያ እጇን አየች፣ ሚኪያስን አየች።

«መንዳት» አለች። «ማብረር ማለቴ ነው። መኪና ማን ያስነካኛል?»

እፀገነት ከትልቁ ወንበር ብድግ አለች። «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ። መሪው ያለው እዚህ ነው። እኔ ጎን እሆናለሁ።» ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት።

«ማን ያበስላል ታዲያ?» አለ ሚኪያስ።

ሂሻም እጁን አወጣ። «መርከቤን ሸጥኩ። እኔ ፉል ብቻ ነው የሚችል። ማፊ ሙሽኪላ?»

«ማፊ ሙሽኪላ!» አሉ ሦስቱም፣ ችግር የለም ሲሉት።

ሐምዲያ ወንበሩ ላይ ወደፊት ተጠጋች። ሁለት እጇን መሪ እንደያዘች አነሣች። ሚኪያስ የወደቡ በር በሌሎች መርከቦች እንደተጨናነቀ፣ ማንም ለማንም እንደማያሳልፍ ተረከላት። እሷ እየሰማች ቀኝ አየች፣ ግራ አየች፣ ካላክላ ሰፈር መንገድ ላይ እንደተጣበቀ ሐፍላ ሾፌር ፊቷን ቋጠረች።

«ጥሩምባ አለው?» አለች።

ሚኪያስ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አየው። ጥሩምባ የሚል ቦታ የለም፤ የማይታወቀው ሰውዬ አላሰበውም። እፀገነት ስልኩን ነጠቀችው። አንድ መስመር ጨምራ «ጥሩምባ» ብላ ጻፈች፣ ትልቅ ብላ ክብደት ሰጠችው። ሳጥኑ ቀላ። ሳታመነታ ወጥ ቤቱን ነካችና ቀነሰችለት። ለመለመ።

«አለው» አለች። «ንፊው!»

ሐምዲያ አየር ስባ ጉንጮቿን ነፋች። እናንተ እንዳላችሁ ትል የነበረችው ልጅ በአፏ የነፋችው ጥሩምባ ከሱቁ ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ፤ ውጭ የቆመ ረክሻ የሚሉት ባጃጅ ደንግጦ ሳይሆን አይቀርም መንገድ ለቀቀ። እሷ ግን አላየችውም፤ ሁለተኛውን እየነፋች ነበር።