ዳንግላ የቀረው የወንድሜ አልበም

ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው ቤታችን ማለዳ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ወጣሁ። የምሄደው ዳንግላ ነው፤ ወንድሜ ይበልጣል ከመሞቱ በፊት የቀዳውን የመጨረሻ አልበም ላመጣ። አልበሙ የተቀዳበት የቴፕ ክር፣ እዚያ ቴፕና ራዲዮ ከሚጠግኑት ከጋሽ አንሙት ዘንድ ነው። ደውዬ እንዳልጠይቃቸው ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። ቢኖርም በስልክ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም።

ይበልጣል ሁለት አልበሞች አዲስ አበባ ሠርቷል። ፒያኖ ይጫወታል፣ ከሥሩ የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ያስገባል፣ ሁሉንም በድሮው ባለ ክር ቴፕ ይቀዳል። ሦስተኛውን እቤት እሠራለሁ ብሎ አሮጌ ፒያኖ በአይሱዙ ጭኖ መጣ። የእኛ አገር እርጥበት ፒያኖውን ከቃናው አወጣው። እሱ እንዲያውም ወደደው። አንድ ቀን እየቀዳ ሳለ በሩን ከፍቼ በአዊኛ ምሳ ቀርቧል ብዬ ጮህኩ። ለመቅጃ የቀረችው የመጨረሻዋ ክር ነበረች። ተቆጣኝ። ምሳውን በላ፣ ግን አላናገረኝም። ክሩን ዳንግላ ለጋሽ አንሙት አድርሶ ተመለሰ፣ ወዲያው ታመመ። እኔም ሳልጠይቀው ሞተ። ሥራውን አበላሽቼበት እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ።

እንጅባራ፣ ሁለት ሰዓት

ከቤት ስወጣ ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ አልተነሣም ነበር። የቀርከሃ አጥሮቹን አልፌ አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ አገኘሁ። እንጅባራ መናኸሪያ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላሁ። ይበልጣል ከአዲስ አበባ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነበር።

ወደ ዳንግላ ስንሄድ መንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ሾፌሩ ዘፈን ከፈተ። ሐዘን ላይ ስለሆንኩ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ዳንግላ፣ አራት ሰዓት

ከመናኸሪያው በጋሪ ሄድኩ። ጋሽ አንሙት ጥቁር ልብሴን አይተው ተነሡ። ነፍስ ይማር አሉኝ። ከዚያ ሰው እንዳያማኝ የሱቁን በር ገርበብ አድርገው ቴፑን ከፈቱ።

ፒያኖው መጣ። ወንበሩ ሲንቋቋ ሁሉ ይሰማል። ከዚያ የእኔ ጩኸት። ፒያኖው ቆመ። አንገቴን ደፋሁ።

"ቆይ፣ ገና ነው" አሉኝ ጋሽ አንሙት።

ከዝምታው በኋላ ስስ የኪቦርድ ድምፅ መጣ። ጩኸቴ የወጣችበትን ዜማ ይደግማታል፤ አንዴ ቀስ ብሎ፣ አንዴ ፈጠን ብሎ።

"ይህን መቼ ጨመረው?" አልኳቸው።

"እዚሁ፣ አንተ ከተቀመጥክባት በርጩማ ላይ። ሲመጣ ተቆጥቶ ነበር። ሦስቴ አደመጠውና ሳቀ። ጩኸቷን ላውጣት ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ 'ተዋት ጋሼ፣ ቤታችን እንዲህ ነው' አለኝ።"

ጋሽ አንሙት ክሩን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ለማድመጫ ደግሞ በካሴት ገልብጠው ሰጡኝ።

መልስ

ሚኒባሱ ውስጥ ጥቅሉን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ረዳቱ እንቁላል ከሆነ ሽጥልን ብሎ ቀለደብኝ፤ ሰዎቹም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት እቤት ገባሁ። ከለቅሶው ጀምሮ እናቴ ቴፓችንን ዳንቴል አልብሳዋለች፤ ዓመቱ ሳይሞላ አይከፈትም ብላለች። ድንች እየላጠች ሳለ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። የሄድኩት ለምን እንደሆነ አታውቅም ነበር።

"ጥራው ብዬ የላክሁህ እኔ አይደለሁ?" አለችኝ።

ተነሥታ ዳንቴሉን በእጇ ገለጠችው። ካሴቱን አስገባሁ። ያን ቀን ምሳ ላይ አላናገረኝም ብዬ ስንት ወር አለቀስኩ። ምናልባት ምሳውን ሲበላ ያችን ዜማ እያሰበ ነበር። አላውቅም። ይህን ያህል ለማወቅ ግን ዳንግላ መሄድ ነበረብኝ።

ጩኸቴ ስትመጣ እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ታዲያ ለምሳው መጣ?" አለች።

"መጣ እማዬ። በልቶ ነው የሄደ።"

"በልቶ ከሆነ ደግ" አለች። ዳንቴሉን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።