የቤሪያ ሃሎዊን

ሃሎዊንን መፍራት የጀመርኩት ተሰደን በመጣንበት ከተማ፣ ቤሪያ የሚባል ሰፈር ፍላት ውስጥ ስንኖር፣ አጎቴ ተመስገን በሞተበት ዓመት ነው። ተመስገን የአባቴ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ከከተማው ዳር ዲፕስሉት ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ አብረው ይሠሩ ነበር። በብርዱ ወራት ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ሱቁ ገብተው ተኮሱበት። አባቴ ሬሳውን ወደ ሆሳዕና ሸኝቶ ሱቁን ዘጋ። የተረፈውን ዕቃ በካርቶን አምጥቶ ሳሎን ውስጥ ስለደረደረው ቤታችን ሳሙና ሳሙና፣ ከረሜላ ከረሜላ ይሸት ነበር።

ሃሎዊን ሲደርስ ትምህርት ቤት መስኮት ላይ የሚለጠፈውን የወረቀት አፅም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማልፈው። የበዓሉ ዕለት እናቴ የሰይጣን በዓል ነው፣ ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍቱ ብላን ቸርች ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንዳባራ በሩ ተንኳኳ። አባቴ ከፈተ። ጥቁር ጭምብል ያጠለቁ ልጆች በሃሎዊን ልማድ ከረሜላ ሊለምኑ ፌስታል ዘርግተው ቆመዋል። ሶፋው ጀርባ ሆኜ የአባቴን እጅ አየሁት፤ መቃኑን ጨምድዶ ይዟል። የሚዘጋባቸው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በዚያ በሱቅ እንግሊዝኛው፣

«ፊታችሁን አሳዩኝ» አላቸው።

አንደኛው አወለቀ። የላይኛው ፎቁ ሲፖ ነበር፤ ኮሪደር ላይ አብሮኝ ኳስ የሚጫወተው። ሌሎቹም አወለቁ። አባቴ የእያንዳንዳቸውን ፊት ቀስ ብሎ አየ። ከዚያ አንዱን የከረሜላ ካርቶን አምጥቶ እፍኝ እፍኝ ሰጣቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺም ሂጂ አብረሻቸው። ልጆች ናቸው።»

አንሶላ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት፣ ጎጎ፣ አያቴ እንደማለት፣ የምንላቸው የዙሉ አሮጊት በቋንቋቸው «ሳውቦና» ብዬ ሰላም ስላቸው ሳቁና ማግዊኛ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ሊጥ ሰጡኝ። ጣቶቼ ዘይት በዘይት ሆነው ደረጃውን ከልጆቹ ጋር ስወጣና ስወርድ አመሸሁ። ከዚያ ሰፈር እስክንለቅ ድረስ በየዓመቱ በሩን የሚከፍተው አባቴ ነበር።

አባቴ አሁን ሆሳዕና ነው። ስንደዋወል ስለ ዝናቡና ስለ ጉልበቱ ሕመም እናወራለን። እኔ እዚያው ከተማ፣ ዘበኛ የሚጠብቀው ግቢ ውስጥ እኖራለሁ። ልጆቼ ሃሎዊንን ከልደታቸው አስበልጠው ይወዱታል፤ ስለ ተመስገን አልነገርኳቸውም። ባለፈው ዓመት እየጮሁ ከቤት ቤት ሲሮጡ ደጃፍ ቆሜ አየኋቸው። አልፈራሁም። ደስ ሊለኝ እንደሚገባም አውቃለሁ። ደስታው እስኪመጣ ትንሽ ጠበቅኩ፤ ምንም አልተሰማኝም።